ነጯ ጉንጉን የማን ናት?

ስለ ኮቴሲያ ተርቦች አመዳደብና መለያ ምልክቶች



በምዕራብ ሐረርጌ በቦኬ ወረዳ፣ ማሽላው ከጉልበት በላይ ባደገበት በአንድ ክረምት፣ ከአንድ አረጋዊ ገበሬ ጋር በማሳቸው መካከል ቆሜ ነበር። እኒህ አባት ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ እምብርቱ የደረቀ ተክል እዚህም እዚያም ባዩ ጊዜ አዘኑ። ከእነዚህ አንዱን በማጭዳቸው ቆርጠው አገዳውን ለሁለት ሰነጠቁት። በውስጡ በተቦረቦረው ዋሻ አንድ የተጨማደደና የማይንቀሳቀስ ትል ተገኘ። ከትሉ አጠገብ ደግሞ የሩዝ ፍሬ ተሰብስቦ በጥጥ የተጠቀለለ የሚመስል ነጭ ጉንጉን ነበር።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ይህ ራሞ እንቁላሉን ጥሎ ነው የሞተው» አሉኝ። ራሞ በኦሮምኛ ትል ማለት ነው። እኔም ነገሩን የማውቅ መስሎኝ «እንግዲያውስ ሳይፈለፈል ይጨፍልቁት አባቴ» አልኳቸው። በድንጋይ ላይ አድርገው ጨፈለቁት። በዚያም ቀን በየማሳው እየዞርኩ ያንኑ ምክር ለብዙ ሰዎች ሰጠሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ባስተማሩን ጊዜ የዚያችን ነጭ ጉንጉን ሥዕል አየሁ፤ ያን ጊዜ ፊቴ በሐፍረት ቀላ። ነገሩን ቀደም ብዬ በጥቂቱ እንኳ ባስበው ኖሮ ስሕተቱ በገባኝ ነበር። ትል እንቁላል አይጥልም፤ እንቁላል የምትጥለው ትሉ አድጎ ተለውጦ የሚሆናት የእሳት ራት ናት። ታዲያ ጉንጉኗ የማን ነበረች? ትሉን ከውስጥ በልተው የገደሉት የጥቃቅን ተርቦች ልጆች ማደሪያ ነበረች። የገበሬውን ጠላት የገደለችለትን ወዳጅ «ይጨፍልቁት» ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ስለዚህ ነው። የተርቧ ስም ኮቴሲያ ይባላል። ዘመዶቿ እነማን እንደ ሆኑ፣ በምን ምልክት እንደምትታወቅ፣ ይህንንም ማወቅ ለቦኬ ገበሬ ጎተራ ምን እንደሚጠቅም በቅደም ተከተል እንመልከት። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ጠላቱን እንወቅ

የማሽላና የበቆሎ አገዳ የሚቦረቡረውን ትል በአማርኛ አገዳ ቆርቁር እንለዋለን። ይሁን እንጂ አገዳ ቆርቁር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በአገራችን በተለይ የታወቁት ሦስት ናቸው። አንደኛው ቡሴዎላ ፉስካ የሚባለው የአፍሪካ ተወላጅ ሲሆን በወይና ደጋውና ከፍ ባለው ስፍራ ይበረታል። ሁለተኛው ኪሎ ፓርቴለስ የሚባለው ነው፤ ይህ ከእስያ የመጣና በምሥራቅ አፍሪካ ቆላማ ስፍራዎች የተስፋፋ ነው። ሦስተኛው ሴሳሚያ ካላሚስቲስ ሲሆን እርሱም የአፍሪካ ተወላጅ ነው።

የእሳት ራቶቹ እንቁላላቸውን በቅጠል ላይ ወይም ቅጠሉ አገዳውን ባቀፈበት ስፍራ ይጥላሉ። የተፈለፈሉት ትሎች በመጀመሪያ ለጋውን ቅጠል ይበላሉ፤ ጥቂት ካደጉ በኋላ ግን አገዳውን በስተው ይገባሉ። ከዚህ በኋላ ነው ችግሩ የሚከፋው። ትሉ እምብርቱን ሲቆርጠው ቡቃያው ከመካከሉ ይደርቃል፤ ያደገ አገዳ ከሆነም በነፋስ ይሰበራል ወይም ዛላው ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል።

አንዳንድ ደጋፊዎቻችን «ለገበሬዎቹ ለምን የተባይ መድኃኒት አትገዙላቸውም?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ትሉ አገዳው ውስጥ ከገባ በኋላ በላይ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። በውጭ የሚበርሩትን፣ ትሉን ፍለጋ የሚመላለሱትን ተርቦች ግን ያገኛቸዋል። ስለዚህ ያለ ጊዜው የተረጨ መድኃኒት ጠላትን ትቶ ወዳጅን ሊገድል ይችላል።

የተርቧ ቤተ ዘመድ

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ፍጥረታትን እንደ ቤተ ዘመድ ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየለዩ ይመድባሉ። ኮቴሲያም የራሷ የዘር ሐረግ አላት።

መደቧ ነፍሳት ነው፤ ማለትም ስድስት እግር ካላቸው ወገን ናት። ክፍለ መደቧ ሃይሜኖፕቴራ ይባላል፤ ትርጓሜውም «ስስ ክንፍ ያላቸው» ማለት ሲሆን ንብ፣ ጉንዳንና ተርብ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። አስተኔዋ ብራኮኒዴ ነው፤ አብዛኞቹ የዚህ አስተኔ አባሎች ልጆቻቸውን በሌሎች ነፍሳት አካል ላይ ወይም ውስጥ የሚያሳድጉ ጥገኛ ተርቦች ናቸው። ንዑስ አስተኔዋ ማይክሮጋስትሪኔ ይባላል፤ ይህም «ትንሽ ሆድ» ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። በ2020 በታተመው የዓለም ዝርዝር በዚህ ንዑስ አስተኔ 81 ወገኖችና ወደ 3,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከ81ዱ ወገኖች አንዱ ኮቴሲያ ነው። በኮቴሲያ ወገን ብቻ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ300 ይበልጣሉ፤ ገና ስም ያልወጣላቸውም ብዙ እንደ ሆኑ ይገመታል።

ስለ ስሟም ጥቂት እንበል። ኮቴሲያ የሚለውን የወገን ስም በ1891 ያወጣው ፒተር ካሜሮን የተባለ የብሪታኒያ ነፍሳት አጥኚ ነው። ለወገኑ መለኪያ ትሆን ዘንድ የተመረጠችው ዝርያ ከእስያ የተገኘችው ኮቴሲያ ፍላቪፔስ ናት፤ ፍላቪፔስ በላቲን «ቢጫ እግር» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሊቃውንት እነዚህን ተርቦች አፓንቴሌስ በሚባል አንድ ትልቅ ወገን ውስጥ ከሌሎች ጋር ቀላቅለው ይጽፏቸው ነበር። አፓንቴሌስ ስም የማይገኝለት ሁሉ የሚጣልበት ጎተራ ሆኖ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1981 ካናዳዊው ዊሊያም ሜሰን ይህን ጎተራ በትኖ እንደ ገና ለየው። በአንድ ስም የሚጠሩት ሁሉ በእውነት የአንድ አባት ልጆች እንዳልሆኑ አሳይቶ፣ የካሜሮንን የቀድሞ ስም ኮቴሲያን ወደ ስፍራው መለሰው። ስለዚህ ከ1981 በፊት የተጻፈ የግብርና መጽሐፍ ከፍታችሁ «አፓንቴሌስ ሴሳሚዬ» ወይም «አፓንቴሌስ ፍላቪፔስ» የሚል ብታገኙ ግራ አይግባችሁ። ዛሬ ኮቴሲያ ሴሳሚዬና ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የምንላቸው እነዚያው ናቸው።

በምን እናውቃታለን?

በመጀመሪያ በዐይን ብቻ የሚታየውን እንመልከት። ኮቴሲያ በጣም ትንሽ ናት፤ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሰው ተርብ ሲባል የሚያስበውን ቢጫና ጥቁር ነዳፊ ነፍሳት አትመስልም። ቀለሟ ጥቁር ነው፤ እግሮቿ ግን በብዙዎቹ ዝርያዎች ቢጫ ወይም ቡናማ ናቸው። ለገበሬው የምትታየው ክንፍ ያላት ጥቁር ጉንዳን ወይም ትንኝ መስላ ነው። ከትንኝ የምትለየው በክንፏ ብዛት ነው፤ ትንኝ ሁለት ክንፍ ሲኖራት ተርብ አራት አላት። ሰውን አትነድፍም።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ወይም ማይክሮስኮፕ ሲኖር የሚታዩት ምልክቶች አሉ። ባለሙያዎች ኮቴሲያን ከእኅቶቿ የሚለዩት በአንድ ምልክት ብቻ ሳይሆን በሚከተሉት ሁሉ አንድነት ነው።

1ኛ፤ አንቴናዋ። የማይክሮጋስትሪኔ ተርቦች አንቴና በጥቂቶች ካልሆነ በቀር 18 ክፍሎች አሉት። ይህ ቁጥር ከሌሎች የብራኮኒዴ ተርቦች ለመለየት እጅግ ጠቃሚ ነው። የወንዱ አንቴና ከሴቷ ይረዝማል፤ አገዳ ቆርቁርን በሚያጠቁት ዝርያዎች የሴቷ አንቴና አጭር ነው።

2ኛ፤ ክንፏ። በተርብ የፊት ክንፍ ላይ ጅማቶች እንደ ቤት ክፍል ትንንሽ ስፍራዎችን ይከልላሉ። በአንዳንድ ዘመዶቿ፣ ለምሳሌ ማይክሮፕሊቲስ በሚባለው ወገን፣ በክንፉ መካከል በአራቱም በኩል የተዘጋች አንዲት ትንሽ ክፍል ትገኛለች። በኮቴሲያ ግን ይህች ክፍል በውጭ በኩል ግድግዳ የላትም፤ ክፍት ናት።

3ኛ፤ የጀርባዋ መጨረሻ። ደረትና ሆድ በሚገናኙበት በላይ በኩል ያለው የጀርባ ክፍል በኮቴሲያ ሻካራና የተሸበሸበ ነው፤ ብዙ ጊዜም በመካከሉ በቁመት የሚወርድ አንድ ቀጭን ጠርዝ ይታያል። ግሊፕታፓንቴሌስ የምትባለው ዘመዷ በዚህ ስፍራ ለስላሳ ናት። በእውነተኛዎቹ አፓንቴሌሶች ደግሞ በዚሁ ስፍራ ብዙ ጊዜ በጠርዝ የታጠረ መስክ የሚመስል ቅርጽ አለ።

4ኛ፤ የሆዷ የመጀመሪያ ሰሌዳዎች። በሆዷ ላይ ያለው የመጀመሪያው ሰሌዳ ሰፊና ሻካራ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድም ብዙ ጊዜ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የግሊፕታፓንቴሌስ ግን ወደ ኋላ እየጠበበ ይሄዳል። ሁለተኛው ሰሌዳ በኮቴሲያ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ብዙውን ጊዜ እርሱም ሻካራ ነው።

5ኛ፤ የእንቁላል መጣያ መርፌዋ። ሴቷ እንቁላሏን ወደ ትሉ ሰውነት የምታስገባበት መርፌ አጭር ነው፤ ሽፋኑም አብዛኛው በሆዷ ጫፍ ውስጥ የተሰወረ ነው። በብዙዎቹ የአፓንቴሌስ ዝርያዎች ግን መርፌው ረጅምና ወደ ኋላ ወጥቶ የሚታይ ነው።

አገዳ ቆርቁርን የሚያጠቁት ኮቴሲያዎች ሌላም ልዩ መልክ አላቸው። ደረታቸው ከላይ ወደ ታች ጠፍጠፍ ያለ ነው። ይህ ለእነርሱ የሚስማማ ነው፤ የሚሄዱት በጠባቡ የአገዳ ዋሻ ውስጥ ነውና።

የተርቧ ሥራ

ሴቲቱ ኮቴሲያ ትሉን የምታገኘው በሽታ ነው። በትል የተበላ ተክል ካልተበላው የተለየ ሽታ ወደ አየር ይለቅቃል፤ ትሉ ከአገዳው ቀዳዳ የሚገፋው ዐይነ ምድርም እንዲሁ ይመራታል። ቀዳዳውን ስታገኝ ወደ ውስጥ ትገባለች። ይህ ለእርሷ አደገኛ ሥራ ነው። ትሉ ከእርሷ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በመንጋጋውም ይነክሳል። ብዙ ተርቦች በዚያ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ተነክሰው ይሞታሉ። የተሳካላት ግን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መርፌዋን ወግታ እንቁላሏን በትሉ ሰውነት ውስጥ ታስቀምጣለች። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ በአንድ ትል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 የሚደርሱ እንቁላሎች ትጥላለች።

ከእንቁላሉ ጋር ሌላም ነገር ታስገባለች፤ እርሱም ብራኮቫይረስ የሚባል በእርሷ የእንቁላል ማሕደር ውስጥ የሚሠራ ቫይረስ ነው። ትሉ ባዕድ ነገር በሰውነቱ ሲገባ የደሙ ሴሎች ከበው ሸፍነው ያፍኑታል። ቫይረሱ ይህን የትሉን መከላከያ ያዳክማል፤ እንቁላሎቹም በሰላም ይፈለፈላሉ። የተርቧ ልጆች የትሉን የደም ፈሳሽ እየተመገቡ ያድጋሉ። ትሉ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ይቆያል። ከዚህ በኋላ ቆዳውን በስተው ይወጡና እያንዳንዳቸው ነጭ የሐር ከረጢት ለራሳቸው ይፈትላሉ፤ ባለሙያዎች ኮኩን የሚሉት ይህን ነው። በከረጢቱ ውስጥ ፑፓ ወደሚባለው የመለወጫ ደረጃ ይደርሳሉ። ብዙ ከረጢቶች ተጣብቀው ሲገኙ ነው እኛ በቦኬ ያየናትን ነጭ ጉንጉን የሚመስሉት። ትሉ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፤ የጎለመሱትም ተርቦች ከቀናት በኋላ ከረጢታቸውን ቀድደው ይወጣሉ። በሞቃት ስፍራ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጊዜ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። የጎለመሰችው ተርብ ዕድሜ ግን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

መልክ አንድ፣ ጠባይ ሁለት

አንባቢ እዚህ ላይ «ወዳጅ መሆኗን ካወቅን ይበቃናል፤ የዝርያ ስም ለገበሬ ምን ያደርግለታል?» ይል ይሆናል። እኔም ቀድሞ እንዲህ አስብ ነበር። የሚከተለው ታሪክ ግን ሐሳቤን ለወጠው።

ኮቴሲያ ሴሳሚዬ የአፍሪካ ተወላጅ ናት፤ ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የእስያ። ሁለቱ እጅግ ከመመሳሰላቸው የተነሣ ባለሙያ እንኳ በእርግጠኝነት የሚለያቸው የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ አይቶ ነው። ጠባያቸው ግን ይለያያል። ፍላቪፔስ ከእስያ የመጣውን ትል፣ ኪሎ ፓርቴለስን፣ በሚገባ ታጠፋለች። ወደ ቡሴዎላ ፉስካ ስትመጣ ግን እንቁላሏን ብትጥልም ብዙ ጊዜ የትሉ ደም ሴሎች ሸፍነው ይገድሉባታል። ሴሳሚዬም ራሷ አንድ ዓይነት አይደለችም። በኬንያ በተደረገ ጥናት ከደጋማው ኪታሌ የተወሰደችው በቡሴዎላ ውስጥ በደህና ስታድግ፣ ከሞምባሳ ጠረፍ የተወሰደችው ግን አልቻለችም። ልዩነቱ ከሚሸከሙት ቫይረስ ጋር የተያያዘ መሆኑ ኋላ ታውቋል። እንግዲህ በመልክ አንድ የሚመስሉ ተርቦች፣ አንደኛው ማሳውን ሲያድን ሌላው ላያድነው ይችላል ማለት ነው።

በናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ሥነ ምኅዳር ማዕከል፣ በአጭሩ ኢሲፔ፣ ይህን በመገንዘብ ኮቴሲያ ፍላቪፔስን ከፓኪስታን አምጥቶ በ1993 በኬንያ ጠረፍ ለቀቃት። ተርቧ በዚያ ለመደች፤ ተባዛችም። በ2001 የወጣ ጥናት በዚያ አካባቢ የአገዳ ቆርቁር ብዛት ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሰ ገልጿል። በብራዚልም ይህችው ተርብ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ላይ በብዛት እየተራባች ትለቀቃለች።

የእኛ አገር ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ በኢትዮጵያ አልተለቀቀችም ነበር። ሆኖም ኢትዮጵያዊው የነፍሳት ተመራማሪ እማና ጌቱ ከኢሲፔ ባልደረቦቻቸው ጋር በማሽላና በበቆሎ ማሳዎች ባደረጉት ዳሰሳ ተርቧ በአገራችን ተደላድላ መኖር እንደ ጀመረች አረጋገጡ፤ ጥናታቸውም በ2003 ታተመ። ከወዴት መጣች? በ1997 በሶማሊያ ተለቃ ስለ ነበር፣ ድንበር ተሻግራ ከዚያ እንደ መጣች ይታመናል። ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ሳይከፍላት ወደ ኢትዮጵያ ማሽላ ማሳ ገባች። ዳሰሳ አድራጊዎቹ የተሰበሰቡትን ጥቃቅን ጥቁር ነፍሳት በማይክሮስኮፕ ሥር አድርገው መለያ ምልክታቸውን ባይመረምሩ ኖሮ ግን፣ ከአገሬዋ ከሴሳሚዬ ጋር ተቀላቅላ ሳትታወቅ በቀረች ነበር።

አዲሱ ተምችና ሌላዋ ኮቴሲያ

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በ2017 ከአሜሪካ የመጣው መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የበቆሎ ማሳዎችን ባጠፋ ጊዜ ብዙ ገበሬ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ሊቃውንት በኬንያ የተገኘችን አንዲት ተርብ መርምረው ከታወቁት የኮቴሲያ ዝርያዎች የተለየች መሆኗን በማረጋገጥ ኮቴሲያ ኢሲፔ ብለው ሰየሟት። በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ይህችው ተርብ በኢትዮጵያ መጤውን ተምች ከሚያጠቁት ጥገኛ ተርቦች ቀዳሚዋ መሆኗን አሳየ፤ ከተሰበሰቡት ትሎች መካከል ከ33.8 እስከ 45.3 ከመቶ የሚሆኑት በእርሷ የተጠቁ ነበሩ።

ኮቴሲያ ኢሲፔ ከአገዳ ቆርቁር ተርቦች የምትለየው በአንድ ትል ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ በማሳደጓ ነው። ስለዚህ በበቆሎ ቅጠል ላይ የምትገኘው ምልክት ጉንጉን ሳትሆን አንዲት ነጠላ የሐር ከረጢት ናት። ይህን የማያውቅ ሰው በቀላሉ ከቅጠሉ ላይ ጠርጎ ይጥላታል።

በማሳ ላይ ምን እናድርግ?

ከላይ ከተባለው ሁሉ ለመስክ ሠራተኞቻችንና ለገበሬዎች የምናስተምረው ጥቂት ነገር ነው።

በመጀመሪያ፣ እንቁላልንና የተርብ ከረጢትን መለየት ነው። የኪሎ እንቁላል እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ በቅጠል ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የቡሴዎላ እንቁላል ደግሞ ቅጠሉ አገዳውን ባቀፈበት ሥር በረድፍ የተደረደረ ነው። እነዚህን ማጥፋት ተገቢ ነው። በሐር የተጠቀለለና የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ከሞተ ወይም ከተጨማደደ ትል አጠገብ ከተገኘ ግን የወዳጅ ማደሪያ ነውና አይነካ።

ሁለተኛ፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲገኝ ጠብቆ ማየት ነው። ጉንጉኗን በንጹሕ ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ አፉን በስስ ጨርቅ ማሰር፣ ፀሐይ በማይመታው ስፍራም ማስቀመጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ ጥቃቅን ጥቁር ተርቦች ይወጣሉ። ከእነርሱ ጥቂቶቹን 70 ከመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ አድርጎ የተገኙበትን ቀን፣ ስፍራ፣ ሰብልና የትሉን ዓይነት በእርሳስ ጽፎ ለባለሙያ መላክ ነው፤ ወንዶችም ሴቶችም ቢኖሩበት መልካም ነው። የቀሩትን በማሳው ላይ መልቀቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ተርቧን ብቻ ተስፋ አድርጎ አለመቀመጥ ነው። አገዳ ቆርቁር በበጋው ወራት በደረቀ አገዳ ውስጥ ተኝቶ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። በሐረርጌ ደግሞ የማሽላ አገዳ የማይጣል ሀብት ነው፤ ማገዶ ነው፣ የከብት መኖ ነው፣ የቤትና የአጥር መሥሪያም ነው። ስለዚህ «አገዳውን ሁሉ አቃጥሉ» ብሎ መምከር ለድኻ ገበሬ ምክር አይሆንም። ከዚህ የተሻለ መንገድ በአገራችን ተገኝቷል። ተመራማሪው አሰፋ ገብረ አምላክ በ1988 ባወጡት ጥናት፣ ከአጨዳ በኋላ አገዳውን ሳይከምሩ ለአራት ሳምንት ያህል በማሳው ላይ አጋድሞ ማስጣት በውስጡ ካሉት ትሎች አብዛኞቹን በፀሐይ ሙቀት እንደሚገድል አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ አገዳው ተሰብስቦ ለሚፈለገው አገልግሎት ሊውል ይችላል። ገበሬው ምንም ገንዘብ አያወጣም።

ወደ ቦኬ ተመልሼ

ስሕተቴን ካወቅሁ በኋላ ወደ እኒያ አባት ማሳ ተመልሼ ሄድኩ። ለአንድ አረጋዊ «ያን ቀን ያልኩዎት ትክክል አልነበረም» ማለት ቀላል አልነበረም። እርሳቸው ግን ሳይቆጡ አደመጡኝ፤ ቀጥሎም ራሳቸው አገዳ እየሰነጠቁ ይፈልጉ ጀመር። ሁለት ነጭ ጉንጉን አገኘን። በጠርሙስ አድርገን በቤታቸው ጥላ ሥር ሰቀልነው።

በሳምንቱ ስመለስ ልጆቹ ሁሉ በጠርሙሱ ዙሪያ ተሰብስበው ነበር። በጨርቁ ሥር ከቁንጫ ብዙም የማይበልጡ ጥቁር ነፍሳት ይራወጣሉ። ሽማግሌው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እኔ ይህን ያህል ዓመት ሳርስ አንድ ቀን አላየኋቸውም። ስጨፈልቃቸው ኖሬ ሊሆን ይችላል» አሉኝ። ከዚያም ወደ ማሳው ሄደው ጨርቁን ፈቱት።

ውድ ደጋፊዎቻችን፤ እህልና የዘር ርዳታ ስትሰጡ ፍሬው በዐይን ይታያል። አንድ አጉሊ መነጽር፣ ጥቂት ጠርሙሶችና የአንድ ቀን ትምህርት ግን ትንሽ ነገር ይመስላሉ። ነገር ግን የተሳሳተ ምክር በአንድ ቀን ስንት ማሳ እንደሚዳረስ እኔ በራሴ አይቻለሁ። ትክክለኛውም ምክር እንዲሁ ይዳረሳል። በቦኬ ዛሬ በዚያ አካባቢ ያሉ ልጆች አገዳ ሲሰነጠቅ ነጩን ጉንጉን ካዩ «አትንኩት፣ ወዳጅ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ይህን ለመማር ስንት ጉንጉን እንዳስጨፈለቅሁ አልቆጠርኩም።